ኛማል እጅ የሰጠችበት ጨዋታ

ኛማል መልአኩን ካኮረፈችው ሁለት ዓመት ሞላ። በጋምቤላ ከተማ የቼዝ ሻምፒዮና ፍጻሜ ተገናኝተው ዋንጫውን እሱ ከወሰደ ወዲህ፣ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ ፊት ለፊት ቢመጡ እንኳ አንዳቸው መንገዱን ይሻገራል። ዘንድሮ ግን ለአገር አቀፍ ውድድር በአንድ ቡድን ተመረጡ። አሰልጣኙ ጋሽ ሀሩን ቅዳሜ ጠዋት ቡድኑን ሰብስበው ሁለቱን አንድ ቦርድ ፊት አስቀመጧቸው።

«ያንን ፍጻሜ እንመርምረው። ሌሎቹም ይማሩበት» አሉ።

መልአኩ ደስ አለው። ጠጠሮቹን እየገፋ፣ ፈረሱን ሰውቶ የኛማልን ንጉሥ እንዴት እንዳጋለጠ እያጣጣመ ተረከ። «እዚህ ላይ እጅ ሰጠች። ንጉሧ ማምለጫ አጥቶ ማት ሊሆን ነበር።»

«አልነበረም» አለች ኛማል።

ከክሊኒክ ሥራዋ ስትመለስ ይህን ጨዋታ ስንቴ እንደደረደረችው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ያኔ የታያት ንጉሧን ወደ ጥግ ማሸሽ ነበር፤ እዚያ ደግሞ መውጫ የለም። አሁን ንጉሡን አንስታ ወደ ፊት፣ ወደ መልአኩ ወታደሮች አስጠጋችው።

«ቀጥል። ማቱን አሳየን።»

መልአኩ በንግሥቱ ንጉሡን አስፈራርቶ ቼክ አለ። ንጉሡ አንድ እርምጃ ተራመደ። ደግሞ ቼክ አለ። ንጉሡ ከአንድ ወታደር ጀርባ ገባ። ሌላ ቼክ አልነበረም፤ ፈረሱ በከንቱ ሄዷል።

«እያሰብኩ ሳለሁ ‹አለቀልሽ፣ ምን ያለፋሻል› ያልከኝ ትዝ ይልሃል?» አለች ኛማል። «ይሄን መንገድ አይተኸው ነበር?»

«ባላየው መች እናገር ነበር?» አለ ዓይን ዓይኗን እያየ። «አንቺስ ለምን አመንሽኝ?»

ጋሽ ሀሩን በቁጣ ተነሡ። «ይቅርታ ጠይቃት!»

«ዋንጫው ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነው» ብሎ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ።

«ከቡድኑ ተሰናብቷል» አሉ ጋሽ ሀሩን።

ኛማል ደስ የሚላት መስሏት ነበር። ግን ጥያቄው እንደ እሾህ ተሰክቶባት ቀረ። ምነው በራሷ ዓይን ሳይሆን በእሱ አፍ አመነች?

«አያሰናብቱት፣ ጋሽ ሀሩን» አለች በመጨረሻ። «ጨዋታ ይችላል። ለቡድኑ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠው አንደኛ ቦርድ ላይ ግን እኔ ነኝ የምቀመጠው። ታረቂው ደግሞ እንዳይሉኝ።»

እንዳለችውም ሆነ። አዲስ አበባ ድረስ በአንድ አውቶቡስ ሄዱ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ሁለቱም አሸነፉ፤ አንዳቸውም ለሌላው አላጨበጨበም።