የራዲዮ ትንፋሽ

የፕሮግራመሮቹ ቡድን ሥራ የሰውን ድምፅ ጨምቆ በስልክ መስመር የሚያሳልፍ፣ ከወዲያ በኩልም መልሶ የሚዘረጋ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ፣ ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ መጻፍ ነበር። ለመፈተሻ የሚሆነውን ድምፅ የቀዳላቸው የራሳቸው ባልደረባ ነው፤ ድምፁ ያምር ስለነበር «ራዲዮ» ይሉታል። በኋላ ጉሮሮውን ታመመ። ቀዶ ሕክምናው ነፍሱን አተረፈለት፣ ድምፁን ግን ወሰደበት። ዛሬ የቀረችው ሹክሹክታ ናት፤ ቅጽል ስሙ ግን አብሮት አለ።

አጠገቡ የምትሠራው ፕሮግራመር ሰሞኑን ዓይኗ ቀልቷል። በትልቁ ኮምፒውተር ላይ ፈተናው ሁሉ ያልፋል፤ በትንሿ የስልክ ሰርኪት ሰሌዳ ላይ ግን ራዲዮ ከቀዳቸው ድምፆች አንዱ ቅጂ አሁንም አሁንም ይወድቃል። ሳይጨመቅ በፊት በቅጂው መጨረሻ ላይ ቀጭን «ሽሽ» አለ፤ ሰሌዳዋ ያንን ትውጠዋለች።

«የማራገቢያ ድምፅ ነው፤ ቅጂውን አውጪውና እንገላገል» አላት አለቃቸው።

እሷም መገላገሉን ጠልታ አይደለም። ግን አንጀቷ እሺ አላላትም።

«ራዲዮ፣ ቢከብድህም አንዴ ስማልኝ።»

ከታመመ ወዲህ ያንን የቀድሞ ድምፁን ሰምቶት አያውቅም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ሲያልቅ እንደገና አስከፈታት።

«ማራገቢያ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አለ በሹክሹክታ። «እዚህ ላይ ስቀዳ ትንፋሽ እያጠረኝ ነው። ሕመሙ ያኔውኑ ጀምሮኝ ኖሯል፤ ብርድ ነው ብዬ ችላ ብዬው ነበር።»

ወንበሩን ሳብ አድርጎ «በይ ኮዱን ክፈቺው» አላት።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ መስመር በመስመር ወረዱ። ሰሌዳዋ የምትሠራው በሙሉ ቁጥር ብቻ ነው፣ ክፍልፋዩን ትጥላለች፤ አንዲት የኮድ መስመር ደግሞ ሳታባዛ በፊት ታካፍላለች። ቀጭኑን የትንፋሽ ድምፅ የሚወክለው ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ሲካፈል ዜሮ ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ገለበጡት፤ ፈተናው አለፈ። አለቃው አይቶ «አበጃችሁ» ብሎ ሄደ። እነሱ ለመደሰትም አቅም አልነበራቸውም።

«ከእንግዲህ የመፈተሻውን ድምፅ አንቺ ቅጂልን። እኔን ማድመጥ ይብቃችሁ» አላት ራዲዮ።

በማግስቱ የስብሰባውን ክፍል ዘግተው መቅጃውን ከፍተው ተቀመጡ። ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አንብባ ቆም አለች።

«ልድገመው እንዴ? ድካሜ ያስታውቃል።»

«ያስታውቃል፤ ተይው። ስልክ የሚደውል ሰው ሁሉ አርፎ የሚደውል መሰለሽ?»

ውሃ ጠጣችና ቀጣዩን አነበበች።