በሩ ቀስ ብሎ ይታሰባል

«ግድግዳው ወደ እኔ ገባ እንጂ ወደ አንቺ የገባው የቱ ነው?» አለ የሚጣ ታላቅ ወንድም፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ተክሎ። ታላቅ እህቷም በበኩሏ ጣቷን እዚያው ላይ ደገነች። መስታወቱ በሁለቱ ጣት ወዝ ደብዝዟል።

ከሁለቱ መሀል ቁልፎቹ ላይ ያጎነበሰችው የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት። ሠላሳውን ካለፈች ቆይታለች፤ በአንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ቤዚክ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ታስተምራለች፤ እዚህ ቤት ግን ዛሬም ሚጣ ከመባል አልወጣችም።

«ቁጥሩን ንገሩኝና ላስተካክል» አለች።

አባታቸው ከሞተ ወዲህ ቤቱ ሳይከፋፈል ኖሯል። እናታቸው ዳሌዋን ተሰብራ ጓዳ ከተኛች በኋላ ግን «እያየሁ ተካፈሉት፤ በመቃብሬ ላይ አትናከሱ» ብላ ቁርጡን ተናገረች። ወረቀት ላይ ቢሞክሩት በመሰረዝ ብዛት ወረቀቱ ተቀደደ። ስለዚህ ሚጣ ማሠልጠኛው የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር የምግብ ጠረጴዛው ላይ አቆመችላቸው። ማሽኑ ሁለት ነጥብ ሲሰጡት መስመር ያሰምራል፤ በትእዛዙ ጫፍ አንዲት ፊደል ከተጨመረችለት ደግሞ አራቱን ግድግዳ ባንዴ ገጥሞ ሳጥን ያደርገዋል። በር ሲፈለግ በነጩ መስመር ላይ አጭር ጥቁር መስመር መደረብ ነው፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ክፍተት ይሆናል።

ቤቱን ልትሥልላቸው እሺ ያለችው ለራሷም ብላ ነው። በሌላ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ቀጥሯታል፤ የዛሬው የከሰዓት አውቶቡስ ካመለጣት ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህንን ቀደም ብላ ስትነግራቸው ወንድሟ «ጎሽ፣ ጎሽ» ብሎ ወሬውን ወደሚያፈሰው ጣራ መልሶት ነበር። ድርሻው ሲለይ የእናታቸው ጓዳ ከአንዳቸው ጋር መዋሉ አይቀርም፣ ጓዳው የደረሰውም ያስታምማታል ብላ ተስፋ አደረገች።

ቁጥር በተለወጠ ቁጥር ስክሪኑ ይጠፋና ቤቱ እንደ አዲስ ይሣላል። ወንድሟ በመንገድ በኩል ያሉትን ሁለት ክፍሎችና ኮሪደሩን ወሰደ። እህቷ ሳሎኑንና ወጥ ቤቱን ወሰደች፤ ባሏ ከኋላዋ ቆሞ «መስኮቱን አትርሺ፣ መስኮቱን» ይላታል።

«አንተ ደግሞ ጠበቃ ሆነህ ነው የመጣኸው?» አለው ወንድሟ።

«አማች ነኝ። ጠበቃማ ሰሚ አለው።»

ሁሉም ሳቁ። ሚጣ ሳቁ ሳይበርድ ጠየቀች። «የእማዬ ጓዳስ ለማን ይሁን?»

«ላንቺ ነዋ» አለች እህቷ። «ድሮም አብረሻት ያለሽው አንቺ። ማን ይነቅልሻል?»

«እኔ እኮ ዛሬ እሄዳለሁ፣ እትዬ። ነግሬያችኋለሁ።»

«ትሄጃለሽ፣ ማን ከለከለሽ?» አለ ወንድሟ። «እማዬ በእግሯ ትቁምና ትሄጃለሽ።»

እናታቸው ዳግም በእግሯ እንደማትቆም ሐኪሙ ለሦስቱም አንድ ላይ ነግሯቸዋል።

ሚጣ የመጨረሻዋን ትእዛዝ ጻፈች። ማሽኑ የወንድሟን ሣለ፣ የእህቷን ሣለ፣ ከዚያ በስተጀርባ የተረፈችውን ጠባብ ሳጥን ገጠመ። በር ልታወጣላት ስትል እጇ ቆመ። በፊት ለፊት የወንድሟ ኮሪደር ነው። በጎን የእህቷ ወጥ ቤት። በቀሩት በሁለቱ በኩል የጎረቤት ግንብ።

«በሩ በየት ይሁን?»

ወንድሟ ኮሪደሩን ዘግቶ ሱቅ ሊያደርገው አስቧል፤ በሱቅ መሀል መተላለፊያ አይታየኝም አለ። እህቷ ደግሞ ፖፖ ይዞ በምጣድና በድስት መሀል ማለፍ የሚባል ነገር እንዳይነሳባት አሳሰበች። የግድግዳው ጠብ ተረሳና በበሩ ተያያዙ። አንተ ትብስ አንቺ የሚል ጠፋ። ከብዙ ንትርክ በኋላ ግን የሚስማሙበት አንድ ነገር ተገኘ።

«ለጊዜው ዝጊው» አለ ወንድሟ። «በሩ ቀስ ብሎ ይታሰባል።»

«እሱስ እውነቱን ነው» አለች እህቷ።

ሚጣ ሳጥኗን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ተነሣች።

«ጋሼ፣ አንተ ተቀመጥ። ቁጥሩን እዚህ ጋ ትለውጣለህ፤ ይህችን ስትጫን ይሥላል።»

ወንድሟ አዲስ መኪና እንደተሰጠው ሹፌር እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ። በመጀመሪያው ሙከራ የእህቱን ሳሎን አውጥቶ መንገድ ላይ ጣለው፤ ስድቡን ጠጥቶ ሁለተኛውን አሳካው።

ጓዳ ስትገባ እናቷ ዓይኗን ጣራው ላይ ተክላ ታዳምጥ ነበር።

«ጨረሱ?»

«አልጨረሱም፣ እማዬ።»

«አንቺስ?»

ሚጣ የመድኃኒቱን አወሳሰድ፣ በየትኛው ጎኗ እንደምትገላበጥ፣ ሁሉንም ለእህቷ እንደነገረቻት አወራች።

«አልሰማችሽም» አለች እናቷ። «እኔ ስጣራ ትሰማለች። ዳሌዬ ነው እንጂ የተሰበረው ድምፄ አልተሰበረም።»

የልጇን እጅ ስባ ሳመችው፤ ይዛው ቆየች፤ ከዚያ ራሷ ገፋ አድርጋ ለቀቀችው።

ሚጣ ከአልጋው ሥር ሻንጣዋን አወጣች። ሳሎን ውስጥ ሦስቱ ተደራርበው ስክሪኑ ላይ ተደፍተዋል፤ ወንድሟ አንድ ክንድ ጨምሮ ወስዷል፣ እህቷ አልመልስም ካለ እንደማትነሣ እየማለች ነው። በጠረጴዛውና በግድግዳው መሀል ያለው ቦታ ለሻንጣው አልበቃም። ሚጣ ቆመች። እህቷ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ወንበሯን ወደ ፊት ሳብ አደረገችላትና ሚጣ ወደ ደጅ አለፈች።