የቀረኝ አንድ ኩላሊት

ከዚህ በታች ከጻፍኩት አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ የቀረኝ አንድ ኩላሊት ጠጠር ያፍራ። ሁለት ኩላሊት ያለው ሰው እንደልቡ ይዋሽ ይሆናል፤ አንድ የቀረው ግን አይደፍርም።

ታናሽ ወንድሜ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ይዞ የሰው ስህተት ሲለቅም ይውላል፤ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለአራት ሰዓት፣ ደሙን ከክንዱ ቀድቶ አጥቦ በሚመልስ ማሽን ሥር ይተኛ ጀመር። ፊቱ አበጠ፤ እግሩ ጫማ ውስጥ አልገባ አለው። ሐኪሟ፣ "ማሽኑ ያቆየዋል እንጂ አያድነውም፤ ኩላሊት የሚሰጥ ሰው ፈልጉለት" አለች። ቤተሰቡ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። አንደኛ፣ ታላቁ ነኝ፤ ሁለተኛ፣ ሥራዬ ማጣራት ነው።

በከተማው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። በትህትና ኃላፊ አልኩ እንጂ ጣቢያው ማለት እኔ ነኝ። እኔ አንድ ቀን ብቀር ግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ ፊቱን ሳይታጠብ ይውላል።

ሐኪሟ የኩላሊትን ሥራ ልታስረዳኝ ወረቀት ላይ ሣለችልኝ። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ማጣሪያው እንደ ክር ኳስ የተጠቀለለ ቀጭን የደም ሥር ነው። ደም በግፊት ይገባል፤ ውሃውና ቆሻሻው ይሾልካል፤ የደም ሴሉና ፕሮቲኑ አያልፍም። በቀን መቶ ሰማንያ ሊትር ይጣራል። ከዚያ ሰውነት የሚፈልገውን መልሶ ይመጥጥና፣ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ሊትር ተኩል ገደማ ነው።

"ግፊቱ ከፍ ዝቅ ሲልስ?" አልኳት። የባለሙያ ጥያቄ ነው።

"በር ላይ ጠባቂ አለው" አለች። "ግፊት ሲጨምር ደም የሚያስገባው ሥር ይጠባል፤ ማጣሪያው እንዳይጎዳ። ግፊት ሲቀንስ መግቢያው ይሰፋል፣ መውጫው ይጠባል፤ ደሙ እዚያው ተጨናንቆ መጣራቱን እንዳያቆም። ወረድ ብሎ ደግሞ ጨው የሚቀምሱ ሴሎች አሉ። ጨው ሲበዛባቸው 'ፈጥነሃል፣ ቀስ በል' ብለው መግቢያውን ያስጠብቡታል። እንዲህ እየተባባሉ በደቂቃ መቶ ሃያ ሚሊሊትር አካባቢ ያቆዩታል።"

"ይሄማ እኔ ነኝ" አልኳት። "ሃያ ስድስት ዓመት ቫልቭ ስከፍትና ስዘጋ የኖርኩት ይህንኑ ነው። እንዲያውም ኩላሊት ከእኔ ሳይማር አይቀርም።"

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ መነጽሯን ጠረገች። ዕውቀቴ አስደንግጧት ነው።

ከዚያ አምስት ሊትር የሚይዝ ባዶ ጀሪካን ሰጠችኝ። "ነገ ጠዋት የመጀመሪያውን ሽንት ይድፉት። ከዚያ በኋላ እስከ ተነገ ወዲያ ጠዋት ያለውን፣ ጠብታ ሳያስቀሩ እዚህ ያጠራቅሙ። ደምም እንወስዳለን። ሁለቱን አስተያይተን ኩላሊትዎ በደቂቃ ስንት እንደሚያጣራ እናውቃለን።" ፈቃደኝነቴን ስፈርም ስሜን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ጻፍኩ። ከደስታ ነው።

በማግስቱ ቤት ዋልኩ። ወደ ማታ ጀሪካኑን ብርሃን ላይ አንስቼ ሳየው አነሰብኝ። እንደኔ ላለ ሰው አይመጥንም። ባለቤቴ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ ብዙ አታወራም። ትንሽ እንድታግዘኝ ጠየቅኳት።

"አንተ ሰውዬ፣ በሽንትም ይታገዛል?" አለች።

"ለወንድሜ ሲሆን ስስት አያምርም።"

"አበስኩ ገበርኩ" ብላ ጀሪካኑን ተቀበለችኝ። ለወግ ያህል ነው፤ ውጤቱን አይለውጥም።

ውጤቱን ልንሰማ ከባለቤቴ ጋር ሄድን፤ በደቂቃ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ሚሊሊትር ሆነ። ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና መነጽሯን አወለቀች።

"ጋሼ፣ ይሄ የአንድ ሰው አይደለም።"

"ብዙ ሰው እንደዚያ ይለኛል" አልኳት።

እሷ ግን ባለቤቴን ታያለች፤ ባለቤቴ ወለሉን። "የእርስዎ የደም ዓይነት ምንድን ነው?" አለቻት፣ ለጨዋታ ያህል። ከዚያ እሷንም መረመሯት፤ ብቻዬን እንዳይደብረኝ መሰለኝ። ለእኔ ሌላ ቀጠሮ ሰጡኝ። በቀጠሮው ቀን ጣቢያው ውስጥ አንድ ቫልቭ ታመመብኝ፤ እሱን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም። የሆነው ሆኖ የመጀመሪያው ውጤት ይበቃል።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ማደንዘዣው እኔን ሊይዘኝ አልቻለም። ሁሉንም ነገር በንቃት፣ ከኮሪደሩ ሆኜ ተከታተልኩ። አምስት ሰዓት ፈጀ። ኩላሊቴ ወንድሜ ሆድ ውስጥ ገብቶ ደም እንዳገኘ ወዲያው ሽንት መሥራት ጀመረ አሉ። የምጠብቀው ነበር። እኔ በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ባለቤቴ በሐዘኔታ አልጋ ያዘች፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ ባልዲ አላነሳችም። የሴት ልጅ አንጀት እንዲህ ነው። ሐኪሟ እንዳለችው አንዱ ሲወጣ የቀረው ብዙ ደም እየተቀበለ፣ እየገዘፈ፣ የጎደለውን ይሸፍናል፤ ከሁለቱ ሥራ ወደ ሰባ በመቶው ይደርሳል። የእኔው መቶ አርባ በመቶ መድረሱን በውስጤ ይሰማኛል።

እስከዚህ ያለውን ለመሥሪያ ቤታችን መጽሔት ብዬ ጻፍኩና ትናንት ወንድሜ እንዲያርመው ሰጠሁት። የፊቱ እብጠት ወርዷል፤ ጫማውንም አድርጓል። ሳሎን ተቀምጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበ። ባለቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ ባልዲ ውሃ አጠገቧ አስቀምጣ ሳህን ታጥባለች። አንድም ፊደል አላከበበም። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰና ቀዩን እስክሪብቶ ከፈተ።

"ወንድም ጋሼ፣ ፊደሉ ደህና ነው" አለ ቀስ ብሎ። "'የቀረኝ አንድ ኩላሊት' የሚለውን ብቻ 'ሁለቱም ኩላሊቶቼ' እንበለው።"

ቀኝ ጎኑን በመዳፉ ያዝ አድርጎ ተነሣ።

"እትዬ" አለ ወደ ወጥ ቤቱ፣ "ባልዲውን ተይው፤ እኔ አነሳዋለሁ።"