ከሴኝ ወዲያ

ካርታው ላይ የእርሳሱ መስመር ከሪየካ ተነስቶ ባሕሩን እየታከከ ይወርድና ሴኝ ከተማ ሲደርስ በድንገት ወደ ተራራው ይታጠፋል። ዝዴንካ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች መጥታ እጥፋቱ ላይ ቆመች። ቪንኮ ምድጃው አጠገብ ሆኖ፣ ሾርባ የሚያማስል መስሎ፣ የሚስቱን ጣት ያይ ነበር።

ሦስት ወር የለፋበት ጉዞ ነው። ከመርከብ ፋብሪካው ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቁርስ ላይ፣ ዝዴንካ ቀና ሳትል «በባሕሩ ዳር ዳር እስከ ዱብሮቭኒክ ብንወርድስ?» አለችው። ለሰባት ዓመት «ይህ ይሁንልኝ» ብላ አንድም ነገር ጠይቃው አታውቅም። ደስታና ድንጋጤ እኩል ያዙት። በወሩ አልጋ፣ ምድጃና የእጅ መታጠቢያ ያላት አሮጌ የጉዞ መኪና፣ ካምፐር፣ ገዝቶ ግቢ ውስጥ አቆመ። አርባ ዓመት ብረት የበየደ እጁ ዝገቷን ፋቀ፤ የሚያፈሰውን ጣሪያዋን ደፈነ፤ መጋረጃዋን ሳይቀር ራሱ ሰፋ። የሚያድሩበትን፣ ውሃ የሚሞሉበትን፣ ጥሩ ሰርዲን የሚጠበስበትን መንደር ሁሉ በደብተር ጻፈ። የሚነሱት በማግስቱ ጠዋት ነበር።

ቀኑ ግን ለመንገደኛ ፊቱን አጥቁሯል። ከደቡብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ፣ ዩጎ፣ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰማዩ ጣሪያ ላይ ወርዶ ተኝቷል፤ ግድግዳው ያልበዋል፤ ሰው ሁሉ ራሱን ያመዋል። ዩጎ ሲነፍስ ቁም ነገር አይቆረጥም ይላሉ የወደቡ ሽማግሌዎች። ጠዋት ቪንኮ ጎማ ሲነፋ፣ የምድር ቤቷ አሮጊት ኤርሲሊያ በመስኮት ብቅ ብላ ስትነካካው ነበር።

«ቤት እያለህ ቤት ገዛህ! ዝዴንካ ስታባርርህ የምታድርበት ነው አይደል?»

«እርስዎንም ጣሪያው ላይ አስሬ እወስድዎታለሁ እትዬ ኤርሲሊያ።»

«ውሰደኝ እንጂ! ባሌ ሲምል ሲገዘት ኖሮ አንድ ቀን ከድልድዩ አላሻገረኝም።»

ስቆ ነበር። አሁን ሳቁ ከፊቱ ላይ የት እንደገባ አያውቅም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ዝዴንካ፣ ጣቷን ከካርታው ሳታነሳ።

«ምኑ?»

«ከሴኝ ወደ ተራራው ትወጣለህ። በዋሻ በዋሻ በሚሄደው ፈጣን መንገድ ዞረህ ዛዳር ከተማ ላይ ባሕሩ ጋ ትመለሳለህ። መሃሉስ?»

«መሃሉ ነፋስ ነው። ለእንደዚች ዓይነቷ ረጅም መኪና አይሆንም። ሲብስ ፖሊስ ራሱ ይዘጋዋል።»

«በግንቦት?»

«በግንቦትም ይነፍሳል።»

«ቪንኮ፣ እኔ ዱብሮቭኒክ ምን አለኝ? እንሂድ ያልኩህ ያንን መሃሉን ብዬ ነው።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ከሰባት ዓመት በፊት ልጃቸው ቲሆ በሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ዛዳር ከሚማርበት ለእረፍት ሲመጣ፣ በሴኝና በዛዳር መሃል፣ ከካርሎባግ በላይ ባለ ኩርባ ላይ ነው መኪናው ነፋስ ገፍቷት ከድንጋዩ በታች የወደቀችው። ያን ጊዜ ቦታው ድረስ የሄደው ቪንኮ ብቻ ነበር። ዝዴንካ ሬሳውን እዚሁ ሪየካ ተቀበለች። ሃያ ዓመት የፖስታ ቤት መኪና ስትነዳ የኖረች ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪ አልጨበጠችም።

«አንተ አይተኸዋል» አለች። «እኔ ግን በሐሳቤ ስሠራው ነው የኖርኩት። አንድ ቀን ጨለማ ገደል አደርገዋለሁ፤ አንድ ቀን ጫካ አደርገዋለሁ። አንተ አንዲት ቃል አልነገርከኝም። ባሕሩ ይታያል ከዚያ?»

«ይታያል።»

«ካርታው ላይ ፊት ለፊቱ ያለው ደሴትስ?»

«ደሴቱም። ራቁቱን ነው፣ ነጭ።»

ዝዴንካ እስከ ዛሬ ያላየችውን ዕቃ በእጇ ያስያዟት ያህል መዳፏን አየች። ቪንኮ እዚህ ላይ ሊያቆም ይችል ነበር። መስመሩን አጥፍቶ ሌላ ቢያሰምር ነገ አብረው ይወርዱ ነበር። ግን እዚያ ኩርባ ላይ አጠገቧ ቆሞ፣ ነጩን ደሴት እያየ፣ በአፉ የያዘውን ይዞ መመለስ እንደማይችል አወቀ። ከሴኝ ወደ ተራራው የሸሸውም ነፋሱን ፈርቶ አልነበረም።

«በዚያ መንገድ ሊመጣ አልነበረም» አለ።

ቀና አለች።

«ከመነሳቱ በፊት ደውሎ ነበር። አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ። ነፋስ አለ፣ በፈጣኑ መንገድ ነው የምመጣው አለኝ። እኔ ነኝ በባሕሩ ና ያልኩት።»

ዩጎው ዝናብ አዝሎ የመስኮቱን መዝጊያ አንድ ጊዜ መታና ተወው። ዝዴንካ አልጮኸችም፤ ፊቷም አልተለወጠም።

«ምን ነበር ያልከው? ቃሉን ንገረኝ።»

«ዝዴንካ…»

«ቃሉን።»

«"አንተ ፍልፈል ነህ እንዴ በዋሻ የምትሄደው? በባሕሩ ና፣ ዓይንህን ታጠብ" አልኩት።»

«እሱስ?»

«"እሺ ሽማግሌው፣ ከሞትኩ ግን ለእማዬ አንተ ትነግራታለህ" አለኝ። ሳቀ።»

«ሳቀ?»

«በጣም ሳቀ። እየሳቀ ዘጋው።»

ይህን ከተናገረ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ሰባት ዓመት ሲያስበው ኖሯል፤ ስድቡን፣ ሳህኑ ሲሰበር፣ ሻንጣዋን ስትሸክፍ። የመጣው ግን ያላሰበው ነበር።

«ማን ልኮ ማን እንደሄደ አይደለም ያቃጠለኝ» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ነፋሱን ያዘዝከው አንተ አይደለህም። ግን ልጄ ስቆ ነበር። እኔ በመጨረሻ ሰዓቱ ምን ይል ነበር፣ ከፍቶት ነበር ወይ፣ እያልኩ ስቃጠል ሳቁ አንተ ጋ ነበር። ደብቀህ ብቻህን ኖርክበት።»

«እሱን ከነገርኩሽ ሌላውንም መንገር ነበረብኝ።»

«አዎ፤ ነበረብህ።»

ሾርባው መገንፈል ጀመረ። ቪንኮ እሳቱን አጠፋ። ዞር ሲል እጇን ዘርግታለች።

«የካምፐሯን ቁልፍ።»

«በዚህ ዝናብ? ነገ አብረን…»

«ቁልፉን ስጠኝ ቪንኮ።»

ሰጣት። የቤት ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ደረጃውን ወረደች። እሱ ለጥቂት ጊዜ ካርታውን ሲያይ ቆየ፤ ከታች ሞተሩ ሲነሳ፣ ሲጠፋ፣ እንደገና ሲነሳ ሰማ። ከዚያ ያለ ኮት ሮጦ ወጣ።

የግቢው በር ጠባብ ነው። ካምፐሯን ሲያስገባት በየጎኑ አንድ ክንድ ነበር የተረፈው። ዝዴንካ ወደ ኋላ ስትሄድ የኋላው ጥግ ወደ ግንቡ እያዘነበለ መጣ። ቪንኮ ከኋላ ዞሮ፣ በጎን መስታወቱ የምታየው ቦታ ላይ ቆመ። ድምፅ ቢያወጣ ነፋሱ ይወስደው ነበር። እጁን ወደ ግራ አሳየ። መሪው ዞረ። ትንሽ፣ ትንሽ፣ አሁን ቀጥ። በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗን አየው፤ የምታየው ግን እጁን ብቻ ነበር። ጣሪያዋ ከበሩ ቅስት በታች በአንድ ጣት አመለጠ። ኤርሲሊያ መስኮቷን ከፍታ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ሁለቱን አይታ መልሳ ዘጋችው።

ካምፐሯ መንገድ ላይ ወጥታ አፍንጫዋን ወደ ባሕሩ አዞረች። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ውሃውና ሰማዩ አንድ ዓይነት አመድ ነበሩ። ቪንኮ ከፊቷ ዞሮ ቆመና መዳፉን ዘርግቶ የመጨረሻውን ምልክት ሰጠ፤ ቁሚ። ቆመች።

ዝናቡ በሸሚዙ ሰርጎ ጀርባውን ነካው። ሞተሩ አልጠፋም፤ የዝናብ መጥረጊያዎቹ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። የፊቱ በር አልተከፈተም፤ ጎማዎቹም አልተንቀሳቀሱም። ወደ በሩ ይሂድ ወይስ መንገዱን ይልቀቅላት አላወቀም። መዳፉን እንደዘረጋ፣ እዚያው እንደቆመ፣ ጠበቃት።