ቡናማው ፓፍ

ሕሊና የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አስም እንዳለባት ካወቅን ወዲህ በየወሩ ከእናቷ ከሸጊቱ ጋር ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዛ፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው አስፋልት ዳር እኔ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ ትመጣ ነበር። ከኮሌጅ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ነርስ ነኝ፤ ሰው ግን ሐኪም ይለኛል።

በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት፣ ሁለት ፓፍ፣ ሰጠኋቸው። ሰማያዊው ሲያፍናት ብቻ የሚወሰድ ነው፤ ወዲያው ደረቷን ይከፍትላታል። ቡናማው ግን ደህና ብትሆንም ጠዋትና ማታ የሚሳብ ነው። ሥራው ቀስ ያለ ነው፤ ሲቋረጥም ጉዳቱ የሚታየው ቀስ ብሎ ነው። ልጅ ፓፉን በቀጥታ መሳብ ስለሚያቅተው የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጡን በጋለ ሽቦ በስቼ ፓፉን ሰካሁበት፤ እሷ በአፉ በኩል ትስባለች። የዚያን ቀን አባቷ እንግዳውም አብሮ ነበርና፣ “ባዶ ሃይላንድ አስታቅፈህ ልትሸኘን ነው?” ብሎ አሳቀን። ሕሊናም ሳቀች፤ ሳቋን ሳል አቋረጠው።

አንድ ነገር አጥብቄ ነገርኳቸው። ቡናማውን ከሳበች በኋላ አፏን ተጉመጥምጣ መትፋት አለባት፤ አለዚያ አፏ ውስጥ ነጭ ቁስል ሊወጣ ይችላል። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ እንዲህ ሆኖ እህል እምቢ ብሎኝ ስለነበር ሸጊቱን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት።

“ሳትተፋ እንዳትውል” አልኳት።

“ሳትተፋ አትውልም” አለች፣ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ ቀጥ ብላ። በደንብ ያስተማርኩ መሰለኝ።

ሰኔና ሐምሌ ደህና አለፉ። ሕሊና ማታ ማታ መሳሏን ተወች፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር መሮጥም ጀምራ ነበር። የነሐሴውን ቀጠሮ ሸጊቱ ከፍልሰታ በኋላ ይሁንልኝ አለች፤ እኔም እሺ አልኩ። በፍልሰታ የአገሩ ልጅ በየቀኑ እንደሚቆርብ አውቃለሁ። እኔም በልጅነቴ እቆርብ ነበር። ይህን ከመድኃኒቱ ጋር አላገናኘሁትም።

ነሐሴ ዐሥራ ሁለት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አራት ሰዎች በዝናብ በቃሬዛ ተሸክመዋት መጡ። ወንዙ ሞልቶ እስኪጎድል ጠብቀው ነበር። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ በተነፈሰች ቁጥር የጎድኗ መሀል ይሰረጉዳል። ስጠራት ዐይኗን ወደ እኔ አዞረች እንጂ ቃል ማውጣት አልቻለችም። በማዳመጫው የአስም ፉጨት ለመስማት ሞከርኩ፤ ምንም አይሰማም። ይህ ከፉጨቱ ይብሳል፤ አየር እየገባ አይደለም ማለት ነው።

ኦክስጅን ሰካሁላት፣ መርፌ ወጋኋት፣ ሰማያዊውን ደጋግሜ ሰጠኋት። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ስለሄደ እህል የጫነ አይሱዙ አስቆምን። እናቷ አቅፋት፣ እኔ ትንሿን ሲሊንደር ይዤ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥን። እንግዳው ጆንያዎቹ ላይ ወጣ።

መንገድ ላይ ልጅቷ ቡናማውን ትስብ እንደነበር ሸጊቱን ጠየቅኋት።

“ፍልሰታ ከገባ ወዲህ አልሰጠኋትም” አለች።

በዝግታ አስረዳችኝ። ጠዋት፣ ሳትቆርብ፣ በአፏ ምንም አይገባም። ቅዳሴው የሚወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ዕለት ማታ ልትሰጣት ፓፉን አንስታ ነበር፤ ግን የቆረበ ሰው አይተፋም።

“አንተ ሳትተፋ እንዳትውል ብለኸኛል” አለች። “ሥጋ ወደሙ የተቀበለች ልጅ ደግሞ እንዴት ትትፋ?”

ስለዚህ ቡናማውን ጾሙ እስኪፈታ አቆየችው። ሰማያዊው መትፋት ስለሌለበት ማታ ማታ እሱን ሰጠቻት። ሲሻላት ስታይ የበቃት መሰላት። እሱም ትናንት ማታ አለቀ።

ደባርቅ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ሕሊና መተንፈስ አቆመች። ሆስፒታሉ እስክንደርስ ይዤ በወጣሁት፣ በእጅ በሚጨመቀው የአየር ፊኛ እየነፋሁላት ሄድኩ፤ የተቀበሉን ሐኪሞችም አንድ ሰዓት ያህል ደከሙ። እንግዳው ውኃ እያንጠባጠበ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ሥራቸውን ሲያቆሙ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ እንድናለብሳት አቀበለኝ።

በሠልስቷ ወደ ቤታቸው ስሄድ የደብራቸውን ቄስ አለነን በመንገድ አገኘኋቸው። ልጅቷ የተጉመጠመጠችበትን ውኃ ብትውጠው ነውር ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ምን ነውር አለው፤ የቆረበ ሰው ውኃ ይጠጣ የለ” አሉኝ። “የጠዋቱንም ቢሆን፣ ሕመምተኛ ናት ብላችሁ ብትጠይቁኝ መላ አይጠፋም ነበር። ግን የጠየቀኝ የለም።”

ሸጊቱ ከለቀስተኛው ተለይታ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ድምፅዋ ከልቅሶ ብዛት ተዘግቷል።

“ሳትተፋ ብትውጠው ምን ትሆን ነበር?”

የሚያጽናና ውሸት ፈለግሁ፤ ልናገረው ግን አልደፈርኩም።

“ምናልባት አፏ ይነጣ ነበር። በሳምንት የሚድን ነው።”

“ሌላስ?”

“ሌላ የለም።”

ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። “ለእንግዳው እንዳትነግረው” አለችኝ፤ ወደ ቤት ገባች።

ልሰናበት ስል እንግዳው ራሱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። “ሐኪም፣ እኛ ያጎደልነው ነገር አለ?” አለኝ። ሸጊቱ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች።

“እናንተ የታዘዛችሁትን ነው የፈጸማችሁት” አልኩት። “ትእዛዜ ነው ጎደሎ የነበረው።” መትፋቱን እንዴት እንዳጠበቅሁት፣ በቁርባን ጊዜ ምን እንደምታደርግ ግን እንዳልነገርኩ፣ ብትውጠውም ብዙ እንደማይጎዳት አወራሁለት። በመሀሉ ሚስቱን ላለመጥቀስ ሞከርኩ፤ ግን ሞኝ አይደለም።

ወደ ሸጊቱ ዞረ።

“አንቺ ይህን ታውቂ ነበር?” አላት።

“ዛሬ ነው የሰማሁት” አለች።

እንግዳው ተነሣ። አልጮኸም። “የሰው ጆሮ ሳይገባ ሂድ” አለኝ። “ወደዚህ ቤትም አትመለስ።”

ጃንጥላዬን አንስቼ በጭቃው ወረድኩ። በእኛ አገር እንግዳ እስከ አጥሩ በር ይሸኛል። የዚያን ቀን የተነሣ ሰው አልነበረም።