የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ

ሱሮንግ ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣች። በእንፋሎት የበሰለውን ዳቦ ገምሳ ግማሹን በላች፤ ግማሹን እንደ ልማዷ ከድና አስቀመጠች። ስስ ወረቀት፣ ብሩሽ፣ ቀለምና ቀለም መምቻውን የጨርቅ ኳስ በቦርሳ ይዛ፣ ከሉዎያንግ ከተማ በስተሰሜን ወዳለው ኮረብታ በሚወጣው አውቶቡስ ተሳፈረች።

እሷና ባሏ ቦ ከመቃብር ድንጋዮች ላይ በቀለም ቅጂ እያነሡ የጥንት ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ሲሰበስቡ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረዋል። ቦ ያነባል፤ እሷ በካርድ ትጽፋለች። ደንቡን ያወጣው ቦ ነው፦ በቅጂው ላይ ለማይታይ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ባዶ ሳጥን ይደረጋል፤ በግምት የሚሞላ የለም። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው የአንድ መኮንን ድንጋይ ቅጂ ሻግቶ ተገኘ። ካርዱ አለ። የመጨረሻውን መስመር፣ የመኮንኑን ሚስት ነገር፣ ቦ ፀሐይ ዘንበል ስትል ጠብቆ፣ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር ያነበበው። ያለ ቅጂ ግን ካርድ ብቻውን አይታመንም። መስመሩ ዛሬ ካልወጣ ቦ ያነበበው ከመጽሐፉ ይቀራል።

ድንጋዩ እትዬ ኮው ግቢ፣ ከቧንቧው ሥር ነው፤ ልብስ ይታጠብበታል። አሮጊቷ ገና ከበር ስለ ባሏ ጠየቀቻት።

"ያ ሆዳም የት ቀረ? ባለፈው ሁለት ሳህን ኑድል ጨርሶ ሦስተኛውን በዓይኑ ሲለምነኝ ነበር።"

"በጥር ሞተ፣ እትዬ።"

እትዬ ኮው የካልሲውን ክምር ከድንጋዩ ላይ አነሣች፤ የሳሙናውንም አረፋ በአንድ ባልዲ ውሃ አጠበችው።

ሱሮንግ ወረቀቱን አርጥባ ለጠፈች፣ በብሩሽ ጠቀጠቀች፣ ጠፈፍ ሲል ቀለሙን እየመታች አለበሰችው። ፊደሎቹ ከጥቁሩ መሐል ነጭ ሆነው ወጡ። የመጨረሻው መስመር ግን ጥቁር ብቻ ነበር። በሌላ ወረቀት ደገመች፤ ያው ነው። "እዚህ ላይ ስለ አንዲት ሴት ተጽፎ ነበር" አለች።

"በሳሙና የጨረስኳት እኔ ነኛ" አለች እትዬ ኮው። "ማን ነበረች?"

"የሰው ሚስት።"

ከሰዓት በኋላ የመጽሐፉ አዘጋጅ ሊያዎ ደወለ። ነገሩን ሰምቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "መምህርት፣ የመምህር ቦን ዓይን የማያምን የለም። ካርዱ ላይ ያለውን ይጻፉት። ማን ይጠይቀናል?"

"እሱ ይጠይቀኝ ነበር" አለች።

ካርዱ የእጅ ጽሑፏ ነው፤ ሳታየውም ታውቀዋለች። ማስመሪያ አወጣች። አሥራ አንድ ሳጥን አሰመረችና ገጹን ላከች።

አሁን በመጽሐፉ ውስጥ የመኮንኑ ስም አለ፤ ሹመቱና የሞተበት ቀንም አለ። የሚስቱ ስም፣ ባሏ ከሞተ በኋላም ስንት ዓመት ብቻዋን እንደኖረች የሚለው የለም።