በሚራንድ በኩል

ሬጂስ ካርታውን አልጋው ላይ ዘርግቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የቀረችውን መንገድ በጣቱ ይለካል። ካሆርን አይተዋል፤ ሞይሳክንም አይተዋል፤ ኦቪላር ላይ ዝናብ ይዟቸው ሳያስቡት አድረዋል። አሁን ሌክቱር ናቸው። ነገ እስከ ፖ ወርደው፣ የተከራዩትን መኪና መልሰው፣ ማታ በባቡር ወደ ፓሪስ ይመለሳሉ። ጉዞው በዚሁ አለቀ።

«በኦሽ ወርደን በሚራንድ በኩል ካለፍን መንገዱ ቀጥ ያለ ነው» አለ።

«በኖጋሮ እንሂድ» አለች ሚስቱ ኦዲል፣ ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ።

«ኖጋሮ እኮ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ካርታው ላይ እንደምታዪው…»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በኖጋሮ ብዬሃለሁ።»

ሬጂስ ጣቱን ከካርታው አነሳ። ሚራንድን ለምን እንደምትሸሽ ያውቃል። የተወለደችው እዚያ ነው፤ ወንድሟ ፊርመን ዛሬም ከከተማው ወጣ ብሎ በአባታቸው ቤት ይኖራል። እህትና ወንድም ሆድና ጀርባ ከሆኑ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ጉዞውን ግን የጎተጎተችው ራሷ ናት፤ «ዓይኔ ሳይደክም አገሬን ልይ» ብላ። ታዲያ ይኸው፣ አገሩን ሁሉ ዞራ ዞራ እትብቷ የተቀበረበትን ልትዘለው ነው። ሰው እንዲህ ነው እንግዲህ፤ የሚያመውን ቦታ ሳይነካ ሊታከም ይፈልጋል።

የተጣሉት እንዲህ ነበር። እናታቸው የሞተች ጊዜ ኦዲል ከፓሪስ ዘግይታ ደረሰች፤ ፊርመንም ቀባሪ ፊት «የፓሪሷ እመቤት መጡ» ብሎ ዘለፋት። ተኳረፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ፊርመን ራሱ ደወለላት። ስልክ የሚወድ ሰው አይደለም፤ ደውሎ ማናገሩ ለሱ እግር ላይ እንደመውደቅ ነው። «እሁድ ለዲኔ ኑ፤ ሉሴት ታበስላለች» አላት። ሉሴት ሚስቱ ናት።

ዲኔ ለፓሪስ ሰው እራት ነው። ኦዲልና ሬጂስ አበባና ወይን ይዘው እሁድ ሲመሽ ደረሱ። የቤቱ መስኮቶች ተዘግተዋል። አንኳኩ። ውሻ ጮኸ። ከፎቅ አንዲት መብራት ትታይ ነበር፤ ደግመው ሲያንኳኩ እሷም ጠፋች። ኦዲል አበባውን ደረጃው ላይ ጥላ ተመለሰች። «ጠርቶ ያዋርደኛል?» እያለች እስከ ቱሉዝ አለቀሰች። እሷም አልጠየቀችው፣ እሱም አልነገራት። የነሱ ዘር ኩራቱ እራቱ ነው። በሚቀጥለው የጸደይ ወር ሉሴት ሞተች ሲባል እንኳ ኦዲል ለቀብር አልሄደችም።

ሲመሽ ካርታው ታጠፈና ሁለቱም ሊበሉ ወደ ታች ወረዱ። የእንግዳ ማረፊያው የማዳም ላካዝ የግል ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል ታከራያለች፣ ምግቡንም ራሷ ትሠራለች። ትናንት ሲገቡ «ነገ ለዲኔ እዚህ ናችሁ?» ስትላቸው ሬጂስ «በደስታ» ብሏት ነበር። አሁን ገበታው ባዶ ነው። አሮጊቷ ወጥ ቤቱ በር ላይ ፊቷን አጥቁራ ተቀምጣለች።

«ማዳም፣ ለዲኔ ወርደናል» አላት ሬጂስ።

«ለዲኔማ ቀን ጠብቄያችሁ ነበር» አለች። «የቤተክርስቲያኑ የእኩለ ቀን ደወል ከተደወለ ጀምሮ በር በሩን ሳይ ዳክዬው ምድጃ ውስጥ ደርቆ ቀረ። እናንተ ፓሪሶች ቃል ስትሰጡ አትሳሱም።»

ሬጂስ ሳቀ። «ዲኔ እኮ የማታ ነው፣ ማዳም።»

«የማታው ሱፔ ነው። ዲኔ የቀን ነው። እኔ ሰማንያ ዓመት ዲኔዬን የበላሁት ቀን ነው፤ ለእርስዎ ብዬ አሁን ፀሐይዋን ላዙራት?»

ሬጂስ ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ሚስቱ ዞረ። ኦዲል ደረጃው ላይ ክው ብላ ቀርታለች።

ቃሉን እንዴት አታውቀው! እናቷ እኩለ ቀን ላይ ጓሮው ድረስ ወጥታ፣ መሐረቧን እያውለበለበች፣ አባታቸውን ከበቆሎው ማሳ የምትጠራው «ዲኔ ደርሷል» እያለች ነበር። ማታ የሚበላው ሱፔ ነው፤ ሾርባና የተረፈ ዳቦ። ኦዲል ቃሉን ይዛው ፓሪስ ገብታ ነበር። መሥሪያ ቤት ውስጥ ቀን ላይ «ዲኔ ልበላ ነው» ስትል ሴቶቹ ተንከተከቱባት። አፈረች። ያን ቀን ቃሉን ጣለችው፤ ጥላው ብቻ አልቀረች፣ እንደጣለችው ጭምር ረሳች።

«ሬጂስ» አለች። «ያን እሁድ… የጠበቁን ቀን ነው። ቀኑን ሙሉ።»

 ማዳም ላካዝ ምኑም አልገባትም፤ ግን የሴትዮዋን ፊት አይታ ቁጣዋ በረደ። ወንበር ሳበችላት። «ይቀመጡ እስቲ። ዳክዬው ደረቀ እንጂ አልሞተም፣ አሞቀዋለሁ።»

ኦዲል አልተቀመጠችም። ኮሪደር ውስጥ ያለውን ስልክ አንስታ የአባቷን ቤት ቁጥር መታች። ለአሥር ዓመት ያልደወለችበት ቁጥር ከጣቷ አልጠፋም።

«አቤት» አለ የፊርመን ድምፅ። አርጅቷል።

«እኔ ነኝ፣ ኦዲል።»

በስልኩ ውስጥ የአባቷ ወጥ ቤት ሰዓት ሲቆጥር ይሰማታል።

«ማን ሞተ?» አለ በመጨረሻ።

«ማንም አልሞተም። ሌክቱር ነኝ። ነገ ለዲኔ ልምጣ?»

ስልኩን የዘጋው መስሏት ነበር።

«የማንን ዲኔ?» አለ ፊርመን። «የፓሪስን?»

«የእማዬን» አለችና እንባዋ ቀደማት።

«እንግዲያው ደወሉ ሳይደወል ድረሱ» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ በሚራንድ በኩል ሄዱ። ሬጂስ ካርታውን አላወጣውም፤ ኦዲል ራሷ ነዳች።  ከቤቱ በር ሲደርሱ ገና ረፋድ ነበር፤ ፊርመን ግን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ አጥሩ ጋ ቆሟል። ጎብጧል። ሁለቱን ጉንጯን ሳማት፤ ለሬጂስም እጁን ሰጠው። «ግቡ» አለ።

ገበታው ላይ አራት ሳህን ተደርድሯል። ኦዲል አየችው፤ የአራተኛው ሳህን የማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ደወሉ ተደወለ። ፊርመን ሾርባውን ቀዳ፣ ማንኪያውን አስቀመጠና በእጁ የጠረጴዛውን ልብስ ያለሰልስ ጀመር።

«ሉሴት ያን ጊዜ ታማ ነበር» አለ። «አልነገርኩሽም። ለናንተ ብላ ከአልጋ ተነስታ አበሰለች። ከዚያ ወዲህ ምድጃ ፊት አልቆመችም።»

«አልመጣንም» አለች ኦዲል። «ቃሉን ረስቼው ነው፣ ፊርመን። የሞኝነት ነገር ነው፣ ሌላ አይደለም። ማታ ነው መስሎኝ።»

«አውቃለሁ።»

ኦዲል ቀና አለች።

«ማታ ስታንኳኩ ወዲያው ገባኝ» አለ ፊርመን። «ሉሴትም ገብቷታል። ‹አየህ፣ የፓሪስ ሰዓት ነው፤ ክፈትላቸው፣ ወጡን አሞቃለሁ› አለችኝ። ሳህናችሁንም እስከዚያ አላነሳችም። እኔ ግን የእናታችንን ቃል ረሳሽ ብዬ ደሜ ፈላ። ልትከፍት ስትነሳ ክንዷን ያዝኳት። መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

 ሬጂስ ሳህኑን ያያል። ኦዲል ወንድሟን ልትቆጣው ፈለገች፤ ያልሄደችበትን የሉሴትን ቀብር አስባ ቁጣው አንደበቷ ላይ ቀረ።  ሁለቱም በዚያች ሴት ላይ እኩል በድለዋል፤ ይቅር የምትል ደግሞ እሷ ብቻ ነበረች።

ጭልፋውን ከድስቱ አንስታ አራተኛውን ሳህን ሞላችው።

«ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው ፊርመንን።

በሉ። ሾርባው ጨው በዝቶበታል፤ ማንም አላነሳውም። ሲጨርሱ ኦዲል «መቃብሯ የት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ከእማዬ ጎን። በእግር ያስኬዳል።»

ሬጂስ ስለ ፖው ባቡር ሊያነሳ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሚስቱን አይቶ ተወው። ፊርመን ኮፍያውን ከሚስማሩ አውርዶ በሩ ላይ ቆመና፣ ፊቱን ወደ ውጭ እንዳደረገ፣ «ለሱፔስ ትቆያላችሁ?» አለ።

«ሱፔ መቼ ነው?» አለ ሬጂስ፤ ከእንግዲህ መሳሳት አይፈልግም።

«ሲመሽ» አለ ፊርመን። «መብራቱን አበራዋለሁ።»